ሥዕለ መልክና ጥልፍ በጎንደርና በመተማ ቈላ

መግቢያ

ከጎንደር ደጋ ወደ ምዕራብ የሚወርደው የጥንት የነጋዴ መንገድ በሸሕዲ አልፎ በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ ሱዳን ምድር ይሻገራል። ገንዳ ውኃ በሚባለውም ስሟ የምትታወቀው ሸሕዲ የምትገኝበት ይህ ቈላ ጥጥ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበት፣ ከዱሩም ዕጣን የሚወጣበት አገር ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ መተማ ሲያነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ስለ ጦርነቱና ስለ ገበያው ነው። ይሁን እንጂ ሰው መልኩን ለማሣልና ልብሱን በጥልፍ ለማስጌጥ ለባለሙያ ትእዛዝ ከሚሰጥባቸው ከሁለቱ የጎንደር ጥበቦች ጋራ ይህ ቈላ የቀረበ ዝምድና አለው።

ዝምድናውም በሦስት ነገር ይገለጣል። አንደኛው፣ ሥዕሉም ጥልፉም የሚያርፍበት የጥጥ ጨርቅ መነሻው ቈላ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ቈላው በደጋውና በሱዳን መካከል የሚተላለፈው ሸቀጥና ሰው የሚያልፍበት በር መሆኑ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በሥዕልና በልብስ ታሪክ ስማቸው የሚነሣው ታላላቅ ሰዎች ከዚህ አገር ጋራ የተሳሰሩ መሆናቸው ነው፤ እቴጌ ምንትዋብና ዐፄ ቴዎድሮስ የቋራ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁት በመተማ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ጥበቦች እንዴት እንደሚደጋገፉ መግለጽና አንዱ ያለ ሌላው ሲቀር ከታሪክ ምን ያህል እንደሚጐድል ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገነዘባል።

ሁለቱን ጥበቦች የተሸከመው ጨርቅ

የጎንደር ሠዓሊ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሥለው ብዙውን ጊዜ በቀጥታ በግንቡ ላይ አይደለም። አስቀድሞ የጥጥ ሸማ ይዘጋጃል፤ ሸማው በማጣበቂያ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በላዩም ነጭ ልባጭ ይቀባል፤ ከዚያ በኋላ ንድፉ ይወጣና ቀለሙ ይከተላል። ስለዚህ ዛሬ በጣና ደሴቶችና በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሚታየው የግድግዳ ሥዕል በእውነቱ በሸማኔ እጅ በተሠራ ጨርቅ ላይ የተሣለ ነው። ጥልፍ የሚጠለፍበትም ጨርቅ እንዲሁ ነው። ሠዓሊውም ጠላፊውም ሥራቸውን የሚጀምሩት ሸማኔው ከፈጸመበት ቦታ ነው።

ከሸማኔው በፊት ደግሞ ሌላ ረጅም ሥራ አለ። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ይህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የሴቶች ሙያ ነው። ሽመናው ግን የወንዶች ሥራ ሆኖ በጎንደርና በአካባቢው የእስላሞችና የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች በሰፊው ይዘውት ኖረዋል። ጥሬው ጥጥ ከቈላ ወደ ደጋ በጭነት ሲወጣ፣ ከደጋ ደግሞ ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው ወደ መተማ ይወርድ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ገበያውን የያዙት፣ ከምዕራብ ተነሥተው በመካ ጉዞ መንገድ ላይ በዚያ የሰፈሩት ተክሩር የሚባሉት ሰዎች ነበሩ፤ እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከርም በ1862 በመተማ ባለፈ ጊዜ ይህን ሕዝብና ገበያውን አይቶ ጽፏል።

ጥጡ የአገር ሲሆን ሐሩ የውጭ ነው። የሐር ክር በምጽዋ በርና በሱዳን መንገድ በነጋዴ እጅ ይገባ ነበር፤ ዋጋውም ውድ ስለሆነ ጠላፊው የሚጠቀመው በቁጠባ ነው። በሥዕልም ላይ እንዲሁ ከአገር አፈር ከሚገኘው ቀይና ቢጫ ቀለም ጋራ ከውጭ የመጣ ቀለም ይሠራበት ነበር። ስለዚህ በአንድ የተጠለፈ ቀሚስ ወይም በአንድ የተሣለ ምስል ላይ የቈላው ገበሬ፣ የደጋይቱ ፈታይ፣ የሸማኔው፣ የሲራራ ነጋዴውና የባለሙያው ድካም በአንድነት ይገኛል።

የአሠሪው ምስል

በቀድሞ ዘመን አንድ ሰው የራሱን መልክ ለብቻው አሥሎ በቤቱ ግድግዳ ላይ መስቀል የተለመደ አልነበረም። የሰው ምስል የሚሣለው በቅዱሳን ሥዕል ግርጌ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሳነጸው፣ መጽሐፉን ያጻፈው ወይም ሥዕሉን ያሠራው ሰው በእመቤታችን ወይም በሰማዕቱ እግር ሥር ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ ይሣላል፤ በአጠገቡም የክርስትና ስሙ ይጻፋል። የስሙ መጻፍ ለዝና ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቦታ የሚጸልየው ካህን ያን ሰው በስሙ እንዲያስበው ነው። ስለዚህ የአሠሪው ምስል ከክፍያና ከውል ይልቅ በስእለትና በመታሰቢያ ሥርዓት የሚተረጐም ነው።

ለዚህ ዐይነት ሥዕል ዋና ምሳሌ የሚሆነው በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት በሚገኘው በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ምስል ነው። እቴጌይቱ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ሲሆን፣ ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ በ1730 ካረፉ በኋላ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋራ ዘውድ ጭነው ሥልጣኑን በእጃቸው ያደረጉ ናቸው። በናርጋው ሥዕል እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በዙፋን ተቀምጣ ትታያለች፤ እቴጌይቱ ግን ከእግሯ ሥር ተደፍተው ይታያሉ።

ይህን ምስል የሚመለከት ሰው የእቴጌይቱን ፊት ከሌሎች የዘመኑ ሴቶች ፊት ለይቶ የሚያስታውቅ ምልክት ቢፈልግ ብዙም አያገኝም። ዐይኑ ትልቅ፣ ፊቱ ምሉዕ፣ አሣሣሉም ሥርዐቱን የጠበቀ ነው። በጎንደር ሥዕል ሕግ ደግ ሰው በሁለት ዐይን፣ ከሐዲና ጠላት በጎን በአንድ ዐይን ይሣላል፤ ስለዚህ ፊቱ በይበልጥ የሚናገረው ሰውዬው ማን እንደሆነ ሳይሆን በየትኛው ወገን እንደቆመ ነው። ማንነቱን የሚናገረው ልብሱ ነው። በምንትዋብ ዘመን የተስፋፋው ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ከመጀመሪያው የሚለይበትም አንዱ ምልክት ይህ ነው፤ የመጀመሪያው የልብሱን እጥፋት በቀጫጭን መስመሮች ብቻ ሲያሳይ፣ ሁለተኛው የጨርቁን አበባ፣ የግምጃውን ጌጥ፣ የአንገትጌውንና የእጅጌውን ዘርፍ አንድ በአንድ እየለየ ይሥላል።

ልብሱ ይህን ያህል ክብር የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤተ መንግሥት ሥርዐት ልብስ ሹመት ነበር። የሐር ቀሚስ፣ ለምድና ካባ ንጉሥ የሚሸልማቸው እንጂ ገንዘብ ያለው ሁሉ ገዝቶ የሚለብሳቸው አልነበሩም። ስለዚህ ሠዓሊው ልብሱን አሳስቶ ቢሥል የሰውዬውን ማዕርግ አሳሳተ ማለት ነው፤ ፊቱን ቢያሳስት ግን የሚከሰው አልነበረም። እዚህ ላይ በግእዝ «መልክዕ» የተባለውን የድርሰት ዐይነት ማስታወስ ይጠቅማል። መልክዕ የቅዱሱን አካል ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር በየክፍሉ እየጠራ የሚያመሰግን ነው። ደራሲው በዚህ መንገድ የሚያቀርበው የአካሉን ክብር እንጂ የፊቱን ልዩ ምልክት አይደለም፤ የጎንደር ሠዓሊም የሚከተለው ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በሐር የተሠራ ምስል

ሥዕለ መልክና የክር ሥራ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ የሚያስረዳ አንድ ድንቅ ሥራ አለ። ይኸውም በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር የተሠራውና ዛሬ ክፍሎቹ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየምና በካናዳ በቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም የሚገኙት የሐር መጋረጃ ነው። ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ ሲሆን፣ መላው በሐር የተሠራ ነው። ከአገር የወጣውም በ1868 ከእንግሊዝ የመቅደላ ዘመቻ ጋራ ነው።

መጋረጃው በተለመደው የሸማኔ መሣሪያ የተሠራ አይደለም። ጠርዛቸው የተበሳ ብዙ ትንንሽ ገበታዎች ይደረደራሉ፤ ድሩ በየቀዳዳው ይገባል፤ ሠሪው ገበታዎቹን በሥርዐት እያዞረ ማጉን ሲያሳልፍ መልኩ ከጨርቁ ጋራ ይወለዳል። በዚህም አሠራር የነገሥታት፣ የካህናትና የወታደሮች ምስል ወጥቶበታል። የቶሮንቶውን መጋረጃ ያጠኑት ፕሮፌሰር ማይክል ገርቨርስ ሥራው የዐፄ በካፋን ሞት፣ እቴጌ ምንትዋብንና ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን የሚያሳይ ነው ብለው ተርጕመውታል። ትርጓሜው ከተያዘ ይህ መጋረጃ በክር የተሠራ የቤተ መንግሥት ምስል ነው፤ ሠዓሊው በብሩሽ የሚያደርገውን ሸማኔው በገበታ አድርጎታል ማለት ነው።

መርፌና ጠላፊ

በዚህ ላይ ሦስት ሥራዎችን ለይቶ ማወቅ ይገባል። በገበታ የሚሠራው ከላይ የተነገረው ነው። ጥለት ወይም ጥበብ የሚባለው በሽመናው ጊዜ በሸማኔው እጅ በጨርቁ ዳር የሚገባው ጌጥ ነው። ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ነው። ሦስቱ በተራ ንግግር ሊደባለቁ ቢችሉም ሠሪያቸው፣ መሣሪያቸውና ዋጋቸው የተለያየ ነው።

የጎንደር ጥልፍ ልብሱን ሁሉ አይሸፍንም። ቦታው የታወቀ ነው፤ በሴት ቀሚስ ላይ በአንገቱ ዙሪያ፣ ከደረት ወደ ታች በሚወርደው ዘርፍና በእጅጌው ጫፍ ይሆናል። በ19ኛው መቶ ዓመት የትልልቅ ሴቶች ጠባብ ሱሪ ከቍርጭምጭሚቱ ላይ ይጠለፍ ነበር። በካባ ላይ ደግሞ ጥልፉ በትከሻና በአንገት ዙሪያ ይበረታል። ከምልክቶቹም መስቀልና እርስ በርሱ የተጠላለፈ ሐረግ በብዛት ይገኛሉ። ሐረግ የብራና መጽሐፍ ጌጥ ስም መሆኑ ይታወቃል፤ የመጽሐፉን ሐረግና የቀሚሱን ጥልፍ ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ሰው አንዱ ከሌላው እንደተማረ ይረዳል።

መርፌ በቀድሞ ዘመን የወንድ ሥራ ነበር። ሴት ትፈትላለች፤ ወንድ ይሸምናል፣ ይሰፋል፣ ይጠልፋል። ይህን ልማድ በ19ኛው መቶ ዓመት በአገሩ የኖሩ የውጭ ሰዎች እንደ እንግዳ ነገር እያዩ ጽፈውታል፤ በእነርሱ አገር መርፌ የሴት ነበርና። በ20ኛው መቶ ዓመት የሴቶች ትምህርት ቤቶች ተከፍተው የእጅ ሥራ እንደ አንድ ትምህርት ሲሰጥ ነገሩ ተለወጠ፤ ጥልፍ ወደ ሴቶች እጅ ገባ፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥም «የሴት ሙያ» ተብሎ መጠራት ጀመረ። ለማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ይህ ለውጥ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሥራ ከወንድ ወደ ሴት ሲተላለፍ ምልክቱ፣ ዋጋውና ክብሩ አብሮ ይለወጣል እንጂ እንደ ነበረ አይቀርም።

ፊት የሌለው ልብስ፣ ልብስ የሌለው ፊት

በ19ኛው መቶ ዓመት በ21 ዓመት ውስጥ ሦስት ታላላቅ ጥፋቶች ደረሱ። በሦስቱም ምስልና ልብስ ተለያዩ።

የመጀመሪያው በሚያዝያ 1868 መቅደላ በወደቀች ጊዜ የደረሰው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የግምጃ ቤታቸውና የቤተ ክርስቲያናቸው ንብረት ተዘረፈ። ከዚያ ከወጣው ውስጥ የባለቤታቸው የእቴጌ ጥሩነሽ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ይገኛል፤ እቴጌይቱ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ከእንግሊዝ ጦር ጋራ በመንገድ ሳሉ ታመው ዐርፈዋል። ቀሚሳቸው ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። በዚያው ሙዚየም እቴጌ ምንትዋብና ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቍስቋም ቤተ ክርስቲያን የሰጡት የወርቅ ዘውድም አለ፤ ሙዚየሙም በ2018፣ መቅደላ በወደቀች በ150ኛው ዓመት፣ እነዚህን ዕቃዎች አንድ ላይ አሳይቷል። ቀሚሱን ያየ ሰው የክሩን ቀለም፣ የመርፌውን አካሄድ፣ የለባሿን ቁመት ሊያውቅ ይችላል፤ ፊታቸውን ግን ጨርቁ አይነግረውም፤ የጠለፈውም ባለሙያ ስም በላዩ የለም።

የዐፄ ቴዎድሮስ ነገር ደግሞ በተገላቢጦሽ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም በመጋቢት 2019 የንጉሠ ነገሥቱን ሁለት የጠጕር ቁራጮች ለኢትዮጵያ መልሷል። ጠጕሩን በ1959 ለሙዚየሙ የሰጡት፣ ንጉሠ ነገሥቱን በሞቱበት አልጋ ላይ የሣለው ሠዓሊ ዘመዶች ነበሩ። ሠዓሊው መልክን ሊወስድ መጥቶ ከአካሉ ቆርጦ መሄዱ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚሣል ምስል ከስእለት ምስል ምን ያህል እንደሚርቅ ያስተምራል። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም በዚያው በ1868 በዋይት ደሴት በጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ የተነሣው በአገሩ ልብስ ነው፤ ልብሱን የመረጠው ግን የ7 ዓመቱ ልጅ ሳይሆን ያነሡት ናቸው።

ሁለተኛው ጥፋት በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የደረሰው ነው። የመሕዲ ወራሾች ጦር በሐምዳን አቡ ዐንጃ መሪነት በመተማ መንገድ ወጥቶ ጎንደርን አቃጠለ፤ ከከተማዪቱ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ጠፉ። ከእነርሱም ጋራ በሸማ ላይ የተሣሉ የስንቱ አሠሪዎች ምስል እንደ ተቃጠለ ማንም ሊቈጥረው አይችልም። ጥጡ የወጣበት መንገድ እሳቱም የመጣበት መንገድ ሆነ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከዚያ ጥፋት ስለተረፈች ነው ዛሬ ያለፈውን በእርሷ የምንለካው።

ሦስተኛው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ የሆነው ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በውጊያው ቈስለው ዐረፉ፤ ሬሳቸው በደርቡሾች እጅ ወድቆ ራሳቸው ተቈርጦ ወደ ኡምዱርማን ተወሰደ። ከተማዪቱ በስማቸው መተማ ዮሐንስ ትባላለች። በባህላዊ የጦርነት ሥዕሎች ንጉሠ ነገሥቱን ከሠራዊቱ መካከል ለይቶ የሚያስታውቀው ዘውዳቸውና ካባቸው ነው። ጠላት ራሳቸውን ወሰደ፤ ሠዓሊው ግን በልብሳቸው መለሳቸው ማለት ይቻላል።

ፎቶግራፍና የስፌት መኪና

ሃያኛው መቶ ዓመት ሁለቱንም ጥበቦች በአዲስ መሣሪያ ለወጣቸው። በሥዕል በኩል ፎቶግራፍ መጣ፤ በውጭ አገር የተማሩ ሠዓሊዎችም ተነሡ። አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ ተምረው የንጉሠ ነገሥቱን ምስል ሣሉ። በቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1957 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በለንደን የተማሩት አፈወርቅ ተክሌም በ1961 የአፍሪካ አዳራሽን የመስተዋት ሥዕል ከመፈጸማቸው ሌላ የክብረ በዓል ልብሶችን ንድፍ አውጥተዋል፤ በእርሳቸው ሥራ ሠዓሊነትና የልብስ ጌጥ እንደገና በአንድ እጅ ተገናኙ።

ከዚያ ወዲህ መልኩን የሚያሠራ ሰው ለሠዓሊው የሚያቀርበው ፎቶግራፍ ነው። አሠሪው አሁን የሚጠይቀው «እኔን ይመስላል ወይ?» ብሎ ነው፤ የጥንቱ አሠሪ ግን የሚጠይቀው «በማን እግር ሥር ነኝ? ስሜስ ተጽፏል ወይ?» ብሎ ነበር። ፊቱ ከብሮ ልብሱ ወደ ኋላ ቀረ። ብዙ ጊዜ ሥዕሉ የሚታዘዘው ለሞተ አባት ወይም እናት መታሰቢያ ነው፤ ፎቶግራፉ ትንሽና የደበዘዘ ሲሆን ሠዓሊው ፊቱን ከእርሱ ወስዶ ልብሱን ከልማድ ይጨምራል። እንዲህ ሲሆን ለሟች ያልለበሰው ካባ፣ ለእናትም የሌላ አገር ጥለት ይደረግላቸዋል። ቤተ ሰቡ ደስ ይለዋል፤ የኋላው ተመራማሪ ግን ይሳሳታል።

በጥልፍ በኩል የስፌት መኪና ገባ። በእጅ ረጅም ጊዜ የሚፈጀውን ዘርፍ መኪናው በአጭር ጊዜ ይፈጽመዋል፤ ዋጋውም ስለሚቀንስ የተጠለፈ ቀሚስ ከመኳንንት ቤት ወጥቶ የብዙ ሰው የሰርግና የበዓል ልብስ ሆኗል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መኪናው የተሰጠውን አንድ ንድፍ ስለሚደጋግም የጎንደሩ፣ የሸዋውና የትግራዩ ጥልፍ የሚለያይበት ምልክት እየተቀላቀለ ሄዷል። ክሩም ከሐር ወደ ፋብሪካ ክር ተለውጧል።

ሊመዘገብ የሚገባው

ከላይ ከተነገረው ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ሥዕለ መልክ የፊት መዝገብ ብቻ አይደለም፤ የልብስም መዝገብ ነው። ጥልፍም የልብስ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የለባሹ መታወቂያ ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲታደስ ፊቱ ተጠብቆ ልብሱ በአዲስ ቀለም የሚሸፈን ከሆነ ከመዝገቡ እኩሌታው ይፋቃል። ከአሮጌ ሣጥን የወጣ የተጠለፈ ቀሚስም የለባሿ ስምና አገር ሳይጻፍ ለገበያ ከቀረበ የቀረው ጨርቅ ብቻ ነው።

በጎንደርና በመተማ ቈላ ለሚሠራ ተማሪ አራት ነገሮችን መጻፍ ይበቃዋል፤ ያሠራው ማን እንደሆነ፣ የሠራው ማን እንደሆነ፣ ጨርቁና ክሩ ወይም ቀለሙ ከየት እንደመጣ፣ ለምንስ ቀን እንደተሠራ። ከእነዚህ ውስጥ በድሮው ሥራ ላይ ተጽፎ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ስም በናርጋ አለ፤ የእቴጌ ጥሩነሽም ስም ከቀሚሳቸው ጋራ ይነሣል። ቀሚሱን የጠለፈው ባለሙያ ግን ስሙን ሳይተው ሄዷል፤ ጥጡን ያመረተው የቈላ ገበሬና ድሩን የፈተለችው ሴትም እንዲሁ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ሠዓሊዎችና ጠላፊዎች ስለ ሥራቸው ተጠይቀው መመለስ የሚችሉበት ጊዜ ገና አላለፈም፤ የቀረው ሥራ የጠያቂው ነው።